የኤሌክትሪክ ዕቃ ማድረሻ ቫን የኤሲ ኮምፕረሰር ስለመቀየር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዕቃ ማድረሻ ቫን ኤሲው ሲበላሽ ሾፌሮች፣ የድርጅት መኪና ኃላፊዎችና ከነዳጅ መኪና ወደዚህ የመጡ መካኒኮች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። መልሶቹ ባብዛኛው ኮምፕረሰሩን፣ ማለትም የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀውን ክፍል፣ ይመለከታሉ፤ ትልቁ ወጪም ትልቁ ስህተትም እሱ ላይ ነውና። የቫንዎ የጥገና መመሪያ እዚህ ከተጻፈው ጋር ከተጋጨ መመሪያውን ይከተሉ።

ኤሲው የሚነፋው ሙቅ አየር ብቻ ነው። ኮምፕረሰሩ ተቃጥሏል ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። ጤነኛ ኮምፕረሰር ወርዶ፣ አዲስ በውድ ዋጋ ተገዝቶ ተገጥሞ፣ ቫኑ ግን ዛሬም እንደ ትናንቱ ሙቅ አየር ሲነፋ ማየት ብርቅ አይደለም። የኤሌክትሪክ ኮምፕረሰር በቤልት አይዞርም፤ የሚነሳው ኮምፒውተሩ ሲያዘው ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ላለማዘዝ ብዙ ምክንያት አለው፦ ጋዝ አንሶ የግፊት ሴንሰሩ ዝቅተኛ ንባብ ሲልክለት፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሩ ላይ አንድ ሶኬት በደንብ ሳይገባ ሲቀር፣ የባትሪው ቻርጅ በጣም ሲወርድ፣ ወይም ከኮምፕረሰሩ ጋር የሚነጋገርበት ቀጭን ሽቦ ሲበጠስ።

ስለዚህ ፍተሻው ከርካሹ ተነስቶ ወደ ውዱ ይሂድ። መጀመሪያ የካቢን ፊልተሩ ይታይ። ዕቃ ማድረሻ ቫን ቀኑን ሙሉ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ስለሚውል የሚገባው አቧራ ብዙ ነው። ቀጥሎ የኮንደንሰሩ (ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣው ራዲያተር መሰል ክፍል) ፊት በጭቃና በነፍሳት አለመደፈኑ፣ ፋኑም በትክክል መዞሩ ይረጋገጥ። ከዚያ የስህተት ኮዶቹ በዳያግኖስቲክ ማሽን ይነበቡና ኮምፕረሰሩ የታዘዘው ፍጥነትና በተግባር የዞረው ፍጥነት ጎን ለጎን ይታዩ። ታዝዞ ካልዞረ ጥርጣሬው ወደ ኮምፕረሰሩ፣ ወደ ፊውዙና ወደ መስመሩ ያዘነብላል። ጭራሽ ካልታዘዘ ግን ጥፋቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ነው።

ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ሲሰካ ብዙ ሰው የሚያሳስት ነገር አለ። ኤሲው ጠፍቶ፣ መኪናው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቆሞ፣ አር 134ኤ ወይም አር 1234ዋይኤፍ የሚባል የኤሲ ጋዝ ያለበት ሲስተም ከ5.5 እስከ 6 ባር ግድም ያሳያል። ይህ ንባብ ውስጥ ፈሳሽ ጋዝ መኖሩን እንጂ መጠኑን አይናገርም፤ ግማሹ አምልጦም ያው ግፊት ሊታይ ይችላል። ንባቡ ከዚያ በጣም ካነሰ መፍሰሱ ግልጽ ነው። ካላነሰ ግን «ጋዙ ሙሉ ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም። ቁርጡ የሚታወቀው ጋዙ በማሽን ተመጥጦ ሲመዘን ነው።

ሙቀቱን ከቻልኩት ያለ ኤሲ ሥራዬን ልቀጥል?

በነዳጅ መኪና ቢሆን መልሱ «ይቀጥሉ፣ ላብዎን ይጥረጉ» ነበር። እዚህ ግን ጉዳዩ የሾፌሩ ላብ ብቻ አይደለም። በአብዛኞቹ አዳዲስ የኤሌክትሪክ ቫኖች ያው ኮምፕረሰር ዋናውን ባትሪም ያቀዘቅዛል። ጋዙ ቺለር በሚባል ትንሽ ሙቀት መለዋወጫ ውስጥ ያልፍና በባትሪው ዙሪያ የሚዞረውን ውሃ ያበርዳል። ኮምፕረሰሩ ሲሞት ይህም አብሮ ይሞታል።

ውጤቱ መጀመሪያ የሚታየው ፈጣን ቻርጅ ላይ ነው። ባትሪው መሞቅ ሲጀምር ኮምፒውተሩ ራሱን ለመከላከል የሚቀበለውን ኃይል ይቀንሳል፤ ድሮ በምሳ ሰዓት የሚሞላው ቫን ምሳው አልቆም ገና ይሆናል። ሙቀቱ ከበረታ የመንዳት ጉልበቱም ይቀነሳል። ስለዚህ ለአንድ ሁለት ቀን በቀስታ ቻርጅ፣ ከባድ ጭነት ሳይዙ መሥራት ይቻል ይሆናል፤ ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ሙቀት ወይም የከፍተኛ ቮልቴጅ ማስጠንቀቂያ ከበራ ግን ቫኑን ያቁሙ። ባትሪያቸው በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞዴሎችም አሉ፤ ለእነሱ ጉዳዩ ቀለል ይላል።

ይህ ኮምፕረሰር ከነዳጅ መኪናው በምን ይለያል?

በአንድ አካል ውስጥ ሦስት ነገር ይዟል፦ ጋዙን የሚጨምቀው ክፍል፣ ያንን የሚያዞረው ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር፣ እና የባትሪውን ዲሲ (ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) ወደ ኤሲ (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) የሚቀይረው ኢንቨርተር። የውጭ ፑሊም ክላችም የለውም። ከባትሪው በብርቱካናማ ገመድ 400 ቮልት ግድም ይደርሰዋል፤ 800 ቮልት የሚደርሳቸውም አሉ። ሞተሩ ታሽጎ የተቀመጠው ጋዙና ዘይቱ በሚዘዋወሩበት በዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ያዙት፤ ስለ ዘይት ስንናገር ይመጣል።

እጄ ቆንጆ ነው፣ መኪና እነካካለሁ። ራሴ ብቀይረውስ?

አይቀይሩት። ቡሎኑን መፍታት ከባድ ስለሆነ አይደለም፤ ቡሎኖቹ ሦስት ወይም አራት ናቸው፣ ቦታውም ብዙ ጊዜ አያስቸግርም። በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 100 መሠረት ከ60 ቮልት ዲሲ በላይ የሆነ ሁሉ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። ይህ ኮምፕረሰር የሚሠራበት ከዚያ ስድስት ሰባት እጥፍ ነው። ይህ ቮልቴጅ ሰው ሊገድል ይችላል፤ ኃይል እያለፈበት ሶኬት ሲነቀል የሚፈጠረው የእሳት ቅስትም በቀላሉ አይጠፋም። በዚህ ላይ ጋዙን የሚመጥጥ ማሽን፣ ሚዛን፣ ሲስተሙን ከአየር ባዶ የሚያደርግ የቫኪዩም ፓምፕና በአምራቹ ሶፍትዌር የሚሠራ ዳያግኖስቲክ ያስፈልጋል። እነዚህ ሁሉ ያሉት ሰው ደግሞ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም።

ራስዎ ማድረግ የሚችሉት ብዙ ነው፦ የካቢን ፊልተር መቀየር፣ ኮንደንሰሩን በዝቅተኛ ግፊት ውሃ ማጠብ፣ የ12 ቮልት ባትሪውን ማስፈተሽ። ይህቺ ትንሽ ባትሪ ስትደክም ኮምፒውተሮቹ ግራ ይጋባሉ፣ የውሸት ኮድ ይደረድራሉ፣ ኤሲውም አብሮ ይተኛል።

ጋራዡ ከፍተኛ ቮልቴጁን በትክክል መዝጋቱን በምን አውቃለሁ?

አጠገቡ ቆመው ማየት ከተፈቀደልዎ የሚከተለውን ያስተውሉ። ካልተፈቀደም ይጠይቁ፤ የሚያውቅ ሰው በጥያቄው አይቆጣም።

ቫኑ ይጠፋል፣ ቁልፉ ርቆ ይቀመጣል፣ የቻርጅ ገመድ ይነቀላል። የ12 ቮልቱ መስመር ይለያል። ቀጥሎ መመሪያው የሚያሳየው የከፍተኛ ቮልቴጅ መለያ ሶኬት ይነቀልና ማንም መልሶ እንዳይሰካው ይቆለፋል፤ ቁልፉ በሚሠራው ሰው ኪስ ይገባል። ከዚያ ይጠበቃል። ኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች መስመሩ ከተቆረጠ በኋላም ኃይል ይዘው ይቆያሉ፤ አምራቾች ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁ ይላሉ። ጥድፊያ ላይ ያለ ጋራዥ የሚዘለው ይህንን ነው፤ ምንም ነገር ሳይሠሩ ቆሞ መጠበቅ ለሚቸኩል ሰው ሥራ አይመስለውም።

ጓንቱ የኤሌክትሪክ ጓንት ነው፤ ክፍል 0 የሚባለው እስከ 1000 ቮልት ኤሲ ይከላከላል። ጠንቃቃ ባለሙያ ከማጥለቁ በፊት የጓንቱን አፍ ጠቅልሎ አየር ያስርበትና ወደ ጣቶቹ እየጨመቀ ጆሮው አጠገብ ይይዘዋል። ሽው የሚል ድምፅ ከተሰማ ያ ጓንት ይጣላል። ላዩ ላይ ደግሞ ጎማው እንዳይቀደድ የቆዳ ጓንት ይደርባል።

በመጨረሻ መለካት ነው። መለኪያው ለዚህ ቮልቴጅ የተሠራ ይሁን፣ ቢያንስ ካት 3 የሚባለው የመለኪያ ደህንነት ደረጃ፣ ባለ 1000 ቮልት። መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ምንጭ ላይ ይሞከራል፣ ቀጥሎ የኮምፕረሰሩ መስመር ይለካል፣ ከዚያ መለኪያው እንደገና በመጀመሪያው ምንጭ ላይ ይፈተሻል። ሦስተኛውን የሚዘሉ ብዙ ናቸው። መለኪያው መሃል ላይ ተበላሽቶ «ዜሮ» ቢል ግን ሰው የሚያውቀው በእጁ ሲነካ ነው።

ዘይቱ ላይ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ለምንድን ነው? ዘይት ያው ዘይት አይደለም እንዴ?

አይደለም። በዚህ ሥራ ላይ አንድ ነገር ብቻ እንዲያስታውሱ ቢፈቀድልዎ ይህንን ይምረጡ።

የሞተሩ ጥቅልል ሽቦ ጋዙና ዘይቱ ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ዘይቱ ከማለስለስ በተጨማሪ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ የለበትም። የነዳጅ መኪኖች ኤሲ በብዛት የሚጠቀመው ፓግ የሚባል ዘይት እርጥበት ስለሚስብና ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፍ እዚህ ቦታ የለውም። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ኮምፕረሰሮች የሚፈልጉት ፒኦኢ የሚባለውን ነው፤ ለምሳሌ ዴንሶ ኤንዲ 11፣ ሳንደን ደግሞ ኤስኢ 10ዋይ በሚል ስም የታወቀ ዘይት አላቸው። የቫንዎ ኮምፕረሰር የሚፈልገው ዘይት ስም ራሱ ኮምፕረሰሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል፤ ከሻጭ አፍ ይልቅ ያ ወረቀት ይታመን።

ጥቂት ፓግ መቀላቀሉ ኢንሱሌሽኑን (ኤሌክትሪክ እንዳይሾልክ መከላከያውን) ለማውረድ ይበቃል። ቫኑ ከጋራዥ ሲወጣ ግን በረዶ የመሰለ አየር እየነፋ ነው የሚወጣው፤ ደንበኛ ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል። ሳምንታት አልፈው አንድ ጠዋት ዳሽቦርዱ የኢንሱሌሽን ጥፋት ያሳያል፣ ቫኑም አልነሳም ይላል። ያኔ ኤሲ ተሠርቶ እንደነበር ማንም አያነሳውም፤ ጥፋቱ ባትሪው ላይ ሲፈለግ ይከርማል።

የተሳሳተው ዘይት ሁልጊዜ ከጠርሙስ አይመጣም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጋዝ መሙያ ማሽኑ ሆዝ ነው። ጠዋት የነዳጅ መኪና የሞላ ማሽን ከሰዓት የኤሌክትሪክ ቫን ላይ ሲሰካ ሆዙ ውስጥ የቀረው ፓግ ተጠርጎ ይገባል። ስለዚህ ጋራዡ ለኤሌክትሪክ መኪና ብቻ የተለየ ማሽን ወይም ሆዙን በጋዝ አጥቦ የሚያጸዳ ማሽን ሊኖረው ይገባል። በእኔ ግምት ጋራዥ ለመምረጥ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም፦ «ማሽናችሁ የነዳጅ መኪናም ይሞላል? ሆዙን እንዴት ታጸዱታላችሁ?» መልሱ ላይ የሚታየው ፊት ራሱ ብዙ ይናገራል።

ፒኦኢም እርጥበት ይወዳል። ከውሃ ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ ይፈርስና አሲድ ይፈጥራል። ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጣሳ ግማሹ ቢቀረውም አይገባም። የተፈቱት ቱቦዎችም ወዲያው መታፈን አለባቸው። እግረ መንገዴን ልበል፦ ፍሳሽ ያሽጋል እየተባለ የሚሸጥ ኬሚካል በማንኛውም ሁኔታ እዚህ ሲስተም ውስጥ አይግባ። ፍሳሽ መፈለጊያ ቀለምም ለዚህ ዘይት መፈቀዱ ሳይረጋገጥ አይጨመር።

አዲሱ ኮምፕረሰር ዘይት ይዞ ነው የሚመጣው? ሌላ ይጨመራል?

ብዙዎቹ ለመላው ሲስተም የሚበቃ ዘይት ይዘው ይመጣሉ፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። አሮጌው ኮምፕረሰር ሲወርድ የሲስተሙ ዘይት ሁሉ አብሮት አይወጣም፣ ከፊሉ ኮንደንሰሩ፣ ኢቫፖሬተሩ (የካቢኑን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል) እና ቱቦዎቹ ውስጥ ይቀራል። አዲሱ እንዳለ ከተገጠመ ዘይት ይበዛል። የበዛ ዘይት የኢቫፖሬተሩን ግድግዳ እየቀባ ማቀዝቀዙን ያዳክማል።

የተለመደው አሠራር ይህ ነው። የአሮጌው ኮምፕረሰር ዘይት መስመር ባለው ንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ ይንጠባጠባል፤ አካሉ ቀስ ብሎ እየተገለባበጠ፣ ጊዜ እየተሰጠው። እንበል 60 ሚሊ ሊትር ወጣ። የአዲሱም በሌላ ንጹሕ ብርጭቆ ይገለበጣል፣ እንበል 130 ሚሊ ሊትር ሆነ። ወደ አዲሱ የሚመለሰው 60ውና ለተቀየሩት ሌሎች ዕቃዎች መመሪያው የሚያዘው ጥቂት ጭማሪ ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ የራስዎን ቫን መጠን መመሪያው ይናገራል።

እዚያው ብርጭቆው ላይ የዘይቱን መልክ ይዩት። ጠራ ያለ ወይም ቢጫማ ከሆነ ጥሩ ነው። ጠቁሮ ከመጣ፣ ወይም ብርጭቆው ወደ ብርሃን ሲያዝ የሚያብረቀርቁ የብረት ብናኞች ከተንሳፈፉበት የሥራው መልክ ይቀየራል።

ኮምፕረሰሩ ብቻ ይቀየራል ወይስ ሌላም ይከተላል?

ድራየሩ ሁልጊዜ ይቀየራል። እርጥበት የሚመጥጠው እሱ ነው፤ ሲስተሙ ከተከፈተ አየር ላይ የዋለ ድራየር ጠግቧል። በብዙ ሞዴሎች ኮንደንሰሩ ጎን ላይ የሚገባ ከረጢት ነው። የተፈቱ መገጣጠሚያዎች ኦሪንግም (የጎማ ማሸጊያ ቀለበት) አዲስ ይሆናል፣ በዚያው ዘይት ረስሮ ይገጠማል። የድሮው ኦሪንግ ደህና ቢመስልም ተጨፍልቆ የያዘውን ቅርጽ አይለቅም።

ኮምፕረሰሩ ተፈጭቶ ብረት ከረጨ ነገሩ ይሰፋል። ዘመናዊ ኮንደንሰር ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መተላለፊያዎች ስላሉት ታጥቦ አይጠራም፤ መቀየር ነው። የጋዙን ግፊት የሚያወርዱት ኤክስፓንሽን ቫልቮችም ይፈተሻሉ፣ ብዙ ጊዜም ይቀየራሉ። ይህን ወጪ ለመቆጠብ አዲስ ኮምፕረሰር ቆሻሻ ሲስተም ላይ የሚያስገጥም ሰው ሁለተኛ ኮምፕረሰር ለመግዛት ቀጠሮ ይዟል።

ያገለገለ ኮምፕረሰር ባስገጥምስ?

ሦስት ነገር ከተረጋገጠ ይሆናል፦ ቱቦ መግቢያዎቹ ከወረደበት ቀን ጀምሮ ታፍነው መቆየታቸው፣ የዕቃ ቁጥሩ መግጠሙ፣ ኢንሱሌሽኑ መለካቱ። አፉን ከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ኮምፕረሰር ውስጡ ያለው ዘይት እርጥበት ጠጥቷል፤ በርካሽ ቢሸጥም ይቅር።

ኢንሱሌሽን ይለካ ሲባል ምን ማለት ነው?

በኮምፕረሰሩ የኤሌክትሪክ ክፍልና በአካሉ መካከል ኤሌክትሪክ አለመሹለኩን ማረጋገጥ ነው፤ አምራቹ በሚፈቅደው የመለኪያ ቮልቴጅና ነጥብ ላይ ይሠራል። ደንብ ቁጥር 100 ዲሲና ኤሲ ተያይዘው ለሚሠሩበት መስመር በየቮልቱ ቢያንስ 500 ኦም ይጠይቃል። በ400 ቮልት ይህ 200 ኪሎ ኦም ይሆናል። ጤነኛ ኮምፕረሰር ብቻውን ሲለካ ግን ከዚህ እጅግ ከፍ ብሎ በሜጋ ኦም ነው የሚነበበው። ኮምፕረሰሩ ቆይቶ ፈሳሽ ጋዝ ሞተሩ ላይ ከተኛበት ንባቡ ለጊዜው ዝቅ ሊል ስለሚችል በአንድ ልኬት ብቻ ሞቷል ብሎ መፍረድ መቸኮል ነው።

ጋዙ የትኛው ነው? የተገኘው ቢሞላስ?

ኮፈኖው ሥር ወይም የፊት መቆለፊያው አካባቢ የተለጠፈ ወረቀት የጋዙን ዓይነትና ክብደት በግራም ይናገራል። አር 134ኤ፣ አር 1234ዋይኤፍ፣ አልፎ አልፎም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊሆን ይችላል፤ የመጨረሻው ግፊቱ ከሌሎቹ እጅግ ስለሚበልጥ መሣሪያውም የተለየ ነው። አንዱ በሌላው አይተካም፣ አይቀላቀልም። አር 1234ዋይኤፍ በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆነ ብልጭታ በሌለበት፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሠራል። አሮጌው ጋዝ ወደ አየር አይለቀቅም፤ 1 ኪሎ አር 134ኤ በ100 ዓመት ስሌት 1430 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያህል ምድርን ያሞቃል።

«እጅ ሲቀዘቅዘው ይበቃል» ተብሎ በግምት የሚሞላ ከሆነ ቫንዎን ይውሰዱ። የሚሞላው በሚዛን ነው።

ቫኪዩም ለምን ይህን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

አየሩ የሚወጣው በደቂቃዎች ነው፤ የሚያስጠብቀው ውሃው ነው። በ20 ዲግሪ ውሃ የሚፈላው ግፊቱ ወደ 23 ሚሊባር ሲወርድ ስለሆነ ፓምፑ ከዚያ በታች ወርዶ ቆይቶ ውስጥ የቀረውን እርጥበት በእንፋሎት መልክ ማውጣት አለበት። ግማሽ ሰዓት ትንሹ ነው፤ ሰዓትና ከዚያ በላይ ቢቆይ አይጎዳም። ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ ደግሞ ጊዜው ይረዝማል።

ፓምፑ ከጠፋ በኋላ ጌጁ ካልተንቀሳቀሰ «ፍሳሽ የለም» ይባላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ቫኪዩም ሲስተሙን የሚፈትነው በ1 ባር ልዩነት ብቻ ነው፣ ያውም ከውጭ ወደ ውስጥ። ኤሲው ሲሠራ ከፍተኛው ጎን 15 ባርና ከዚያ በላይ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ ከቫኪዩሙ በፊት በደረቅ ናይትሮጅን ግፊት መሞከር ይሻላል። በጎማ መንፊያ አየር ግን በፍጹም አይሞከር፤ እርጥበት ያስገባል።

የኤሌክትሪክ ቫን እዚህ ላይ አንድ ተንኮል አለው። የካቢኑ፣ የባትሪ ቺለሩና ካለም የሂት ፓምፑ (ኮምፕረሰሩን ተጠቅሞ ካቢኑን የሚያሞቀው) መስመሮች በኤሌክትሮኒክ ቫልቮች ይለያያሉ። ቫኑ ሲጠፋ ከቫልቮቹ አንዳንዶቹ ዝግ ሊሆኑ ስለሚችሉ ፓምፑ የሚመጥጠው ግማሹን ሲስተም ብቻ ይሆናል። በዳያግኖስቲክ ማሽኑ የጥገና ሁነታ ተመርጦ ሁሉም ቫልቭ እንዲከፈት መደረግ አለበት። ይህ ሲዘለል አየር አንድ ጥግ ይቀራል፣ የተመዘነውም ጋዝ ትርጉም ያጣል።

አንዴ አስነስተን እንየው ብለው ጋዝ ሳይሞላ ቢያስነሱትስ?

አይሆንም፣ ለጥቂት ሰከንድም። ዘይቱን ተሸክሞ የሚያዞረው ጋዙ ነው፤ እሱ ከሌለ ኮምፕረሰሩ በደረቁ ይዞራል።

ከተገጠመ በኋላ ቁልፍ ብቻ ከፍቶ መሄድ ይቻላል?

የመሬት ገመዱ በደንብ ካልታሰረ አይቻልም። ኮምፕረሰሩ ንዝረት እንዳያስተላልፍ ብዙ ጊዜ በጎማ ላይ ስለሚቀመጥ ከሻሲው ጋር በገመድ ይገናኛል፤ ያው ደንብ ቁጥር 100 በአካሉና በሻሲው መካከል ያለው ከ0.1 ኦም በታች እንዲሆን ይጠይቃል። ያ ገመድ ዝጎ ወይም ተረስቶ ከቀረ አንድ ቀን ኢንሱሌሽን ሲበላሽ የኮምፕረሰሩ አካል ራሱ ኃይል ሊይዝ ይችላል።

ከዚያ ኮዶቹ ይጠፋሉ፣ አንዳንድ ሞዴሎች ላይ አዲሱ ኮምፕረሰር በሶፍትዌር ይመዘገባል። ቫኑ ቻርጅ ላይ ተሰክቶም፣ እየተነዳም ይሞከራል። ቆሞ ብቻ የተሞከረ ሥራ የባትሪውን ማቀዝቀዣ አልፈተነም።

ሥራው ስንት ሰዓት ይወስዳል?

ዕቃው እጅ ላይ ካለና ሲስተሙ ንጹሕ ከሆነ በአንድ የሥራ ቀን ያልቃል። በሁለት ሰዓት እንጨርሳለን የሚል ካለ መጠበቁን ወይም ቫኪዩሙን ሊዘል ነው።

ቻርጅ ላይ እያለ ከኮፈኖው ሥር ያጉረመርማል። አዲሱም ተበላሸ?

ባትሪውን እያቀዘቀዘ ነው። የነዳጅ ሞተር ጩኸት ስለሌለ ጎልቶ ይሰማል እንጂ ድምፁ ያን ያህል ትልቅ አይደለም። ብረት ከብረት የሚፋቅ ወይም የሚንኳኳ ድምፅ ከሆነ ግን ይመለሱ።

በብርድ ጊዜ ኤሲ ስለማልጠቀም ጥገናውን ላዘግየው?

ቫንዎ ሂት ፓምፕ ካለው አያዘግዩት። ያው ኮምፕረሰር በጨመቀው ጋዝ ሙቀት ካቢኑን ያሞቃል፤ እሱ ከሌለ የሚቀረው በቀጥታ በኤሌክትሪክ ማሞቅ ስለሆነ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ሂት ፓምፕ የሌለውም ቢሆን መስታወት ላይ የሚሰራውን ጉም ለማድረቅ ኤሲው ያስፈልጋል።

ኤሲ የምሄደውን ርቀት ምን ያህል ይበላብኛል?

ስሌቱን አብረን እንሥራው። ኮምፕረሰሩ ሙቀት ባለበት ቀን በአማካይ 1.5 ኪሎዋት ቢወስድና ሥራዎ 6 ሰዓት ቢሆን 9 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ቫንዎ በ100 ኪሎ ሜትር 30 ኪሎዋት ሰዓት የሚበላ ከሆነ ይህ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ልብ ይበሉ፣ ኤሲ የሚበላው በሰዓት እንጂ በኪሎ ሜትር አይደለም። ረጅም መንገድ የሚሮጥ ቫን ብዙም አይሰማውም፤ ከበር በር እየቆመ ሲያድል የሚውል ግን ይሰማዋል።

ስለዚህ ጠዋት ገመዱ ሳይነቀል ካቢኑን ያቀዝቅዙ፤ ያ ኃይል ከባትሪው ሳይሆን ከግድግዳው ይመጣል። ዕቃ ሊያወርዱ ሲወጡ በሩን ይዝጉ። በካቢኑና በጭነቱ መካከል ያለው ክፍልፋይ ክፍት ከሆነ ኤሲው የሚያቀዘቅዘው ካርቶን ነው።

ቫኑን ስረከብ ምን ወረቀት ልጠይቅ?

የወጣውና የገባው ጋዝ ክብደት በግራም፣ የገባው ዘይት ስምና መጠን፣ የኢንሱሌሽን ልኬቱ ንባብ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ የነበሩት ኮዶች፣ የተቀየሩት ዕቃዎች ቁጥር። የኮምፕረሰር ሻጮች ዋስትና ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚጠይቁት ድራየሩ መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ ነውና እሱን ለብቻው ያስቀምጡ። አሮጌው ኮምፕረሰርም የርስዎ ነው፤ በክፍያው ላይ አሮጌ ዕቃ መመለስ ካልተስማሙ በስተቀር ይጠይቁት፣ ዘይቱን ራስዎ ገልብጠው ይዩት።